ጠንካራ ብረትን በቀጭን ሽቦና በብልጭታ መቁረጥ

በሙያ ትምህርት ክፍሎቻችን ለረጅም ጊዜ ስናስተምረው የኖርነው አንድ ሕግ አለ። ይኸውም ቆራጩ ከሚቆረጠው ነገር የበለጠ የጠነከረ መሆን አለበት የሚለው ነው። ሞረዱ ከሚሞረደው ብረት፣ የሴጌቶው ጥርስ ከሚቆረጠው ቧንቧ፣ የቶርኖው ቢላዋ ከሚላገው ዘንግ ይጠነክራሉ። ሕጉ ለብዙ ሥራ ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ «ታዲያ ከሁሉ የጠነከረው ቢላዋ ራሱ በምን ተቆርጦ ተሠራ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሕጉ ብቻውን መልስ ሊሰጠን አይችልም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ዋነኛ የሆነውን ነው። መልሱም ለጆሮ እንግዳ ነው፤ ከልብስ ስፌት ክር ብዙም የማይወፍር፣ በእጅ የሚጠመዘዝ ለስላሳ የነሐስ ሽቦ፣ ሞረድ የማይበግረውን ብረት እንደ አይብ ይቆርጠዋል። ይህን የሚያደርገው ግን ብረቱን ሳይነካ ነው።

የጥያቄው ክብደት

ነገሩ ለክፍል ውስጥ ክርክር ብቻ የሚነሣ አይደለም። የፕላስቲክ ጫማ፣ የጠርሙስ ቆርኪ፣ የቆርቆሮ ሰሐን፣ የኤሌክትሪክ ሶኬት ክዳን፣ እነዚህ ሁሉ ቅርጻቸውን የሚያገኙት እጅግ ከጠነከረ ብረት ከተሠራ ፎርማ ነው። ፎርማው በሺህና በመቶ ሺህ የሚቆጠር ምት ስለሚቀበል መጠንከሩ ግድ ነው። ሲሰበር ወይም ሲበላ ግን መዳፍ በምታህል ብረት ምክንያት ማሽኑ ይቆማል፤ ሠራተኛውም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። አዲስ ፎርማ ከውጭ ማዘዝ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፤ ጊዜም ይወስዳል። ዕቃው በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ ከዚያ በባቡር ወይም በከባድ መኪና ወደ መሐል አገር እስኪገባ ድረስ መጠበቅ አለበት። በ1980ዎቹ በአቃቂ የመለዋወጫ ዕቃዎች ፋብሪካ ሲቋቋም ዓላማው ይህንኑ ጥገኝነት መቀነስ ነበር። መለዋወጫን በአገር ውስጥ ለመሥራት ከሁሉ አስቀድሞ ጠንካራውን ብረት በትክክል መቁረጥ መቻል ያስፈልጋል። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ይህን ጥበብ ማወቃቸው ከእንጀራቸውም ከአገራቸውም ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው።

ብልጭታ ጠላት በነበረ ጊዜ

የዚህ ጥበብ መሠረት ሁላችንም በየዕለቱ የምናየው ነገር ነው። አሮጌ የመብራት ማብሪያና ማጥፊያ ፈትቶ የተመለከተ ሰው የሚነካኩት ሁለት ብረቶች ጠቁረውና ተቦርቡረው ያገኛቸዋል። የመኪና ካንዴላም ብዙ ካገለገለ በኋላ በጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከመጀመሪያው ሰፍቶ ይገኛል። በሁለቱም ቦታ ብረቱን የበላው ብልጭታ ነው። አንዱ ብልጭታ የሚያነሣው ብረት በዐይን አይታይም፤ ሆኖም ሥራው በተደጋገመ ቁጥር ጉዳቱ ይከማቻል።

በጅቡቲ ከተማ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በተባለው የባሕር ዳር ሰፈር የሚኖር ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል። ጨው ያዘለው እርጥብ የባሕር አየር የኤሌክትሪክ መገናኛዎችን ያዝጋቸዋል፤ የዛገ መገናኛ አጥብቆ ስለማይነካካ ይበልጥ ያብለጨልጫል፤ ይበልጥ ባብለጨለጨ ቁጥርም ይበልጥ ይበላል። በትልቁ ደግሞ የአዲስ አበባ–ጅቡቲን አዲሱን የባቡር መስመር እንመልከት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በኢትዮጵያ፣ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ በጅቡቲ የተመረቀው ይህ መስመር የሚሠራው በ25,000 ቮልት ኤሌክትሪክ ነው። የባቡሩ ጣሪያ ላይ የቆመው ኮረንቲ ተቀባይ ክንድ ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ለቅጽበት ያህል ሲለያይ በመካከላቸው እሳት ይፈጠራል፤ ይህም እሳት ሽቦውንም የክንዱን የካርቦን ሰሌዳም ይበላል። ስለዚህ ለባቡሩ መሐንዲስ ብልጭታ ጠላት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሞስኮ ይሠሩ የነበሩት ቦሪስ ላዛሬንኮና ባለቤቱ ናታሊያ ላዛሬንኮ የተሰጣቸው ሥራ ይህንኑ ጠላት መከላከል ነበር። በተንግስተን የተሠሩ የኤሌክትሪክ መገናኛዎች በብልጭታ እንዳይበሉ መላ እንዲፈልጉ ታዘዙ። መገናኛዎቹን ዘይት ውስጥ ነክረው ሲሞክሩ፣ መበላቱ አልቀረም፤ ነገር ግን በዘይቱ ውስጥ የሚታየው ብልጭታ በአየር ውስጥ ከሚታየው ይልቅ ሥርዓት ያለውና የሚገመት መሆኑን አስተዋሉ። መበላቱን ማስቀረት ካልተቻለ ለምን ለሥራ አናውለውም የሚል ሐሳብ የመጣላቸው ከዚህ ነው። በ1943 (እ.ኤ.አ.) ብረትን በብልጭታ የመቅረጽ ዘዴ ከዚህ ምርምር ተወለደ። በዚያው ዘመን በአሜሪካም እንዲሁ፣ ብረት ውስጥ ተሰብረው የቀሩ የጥርስ ማውጫዎችን በብልጭታ እየበሉ የማውጣት ዘዴ ተሠርቶ ነበር። ቅርጽ ባለው ኤሌክትሮድ ፋንታ የሚሮጥ ሽቦን የሚጠቀሙ ማሽኖች የመጡት በ1960ዎቹ ሲሆን፣ በ1969 (እ.ኤ.አ.) አጂ የተባለው የስዊስ ኩባንያ በቁጥር ትእዛዝ የሚመራ የሽቦ መቁረጫ ማሽን ለገበያ አቀረበ።

ማሽኑ እንዴት ይሠራል?

በማሽኑ ላይ የሚቆረጠው ብረት በጠረጴዛ ላይ በጥብቅ ይታሰራል። ሽቦው ከላይ ካለው ጥቅል ተነሥቶ፣ በላይኛውና በታችኛው መሪ ቀዳዳ መካከል ተወጥሮ ወደታች ይወርዳል። መሪዎቹ ብዙውን ጊዜ ከአልማዝ የተሠሩ ናቸው፤ ምክንያቱም ሽቦው ያለማቋረጥ ስለሚፈትጋቸው ነው። የተለመደው ሽቦ ከመዳብና ከዚንክ የተቀየጠ ነሐስ ሲሆን፣ ውፍረቱ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። ብረቱ ከአንዱ፣ ሽቦው ከሌላው የኤሌክትሪክ ዋልታ ጋር ይያያዛሉ። ሁለቱ ግን አይነካኩም፤ በመካከላቸው ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት አለ። ይህንንም ክፍተት የተጣራ ውሃ ይሞላዋል።

አንዱን ብልጭታ በቅደም ተከተል ብንከታተለው የሚከተለውን እናያለን።

አንደኛ፣ ማሽኑ በሽቦውና በብረቱ መካከል ቮልቴጅ ይሰጣል። ቮልቴጁ 80 ቮልት፣ ክፍተቱ 0.02 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። የኤሌክትሪክ መስኩን ለማግኘት ቮልቴጁን ለርቀቱ ስናካፍል፣ በሜትር 4,000,000 ቮልት ይሆናል። 80 ቮልት ለብቻው ሲታይ ትንሽ ቢመስልም፣ ክፍተቱ እጅግ ጠባብ በመሆኑ መስኩ ከፍተኛ ነው።

ሁለተኛ፣ ይህን መስክ ውሃው ሊቋቋመው አይችልም። ሁለቱ ወገኖች እጅግ በተቀራረቡበት አንድ ነጥብ ላይ ውሃው ተሰንጥቆ ኮረንቲ የሚያስተላልፍ ቀጭን መንገድ ይከፈታል።

ሦስተኛ፣ ኮረንቲው በዚያ መንገድ ይጎርፋል። በመንገዱ ውስጥ ያለው ሙቀት ከ8,000 እስከ 12,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ብረት የሚቀልጠው በ1,500 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ነጥቧ ላይ ያለው ብረት ወዲያው ይቀልጣል፤ ከፊሉም ይተናል።

አራተኛ፣ ከሚሊዮንኛ ሰከንድ ወይም ከጥቂት ሚሊዮንኛ ሰከንድ በኋላ ማሽኑ ኮረንቲውን ያቋርጣል። የእንፋሎቱ አረፋ ይፈርሳል፤ የቀለጠው ብረት ወደ ውሃው ይረጫል፤ ረግቶም ደቃቅ ብናኝ ይሆናል። በብረቱ ላይ በዐይን የማትታይ ጉድጓድ ትቀራለች።

አምስተኛ፣ ከላይና ከታች የሚገፋው ውሃ ብናኙን ጠርጎ ይወስዳል፤ ክፍተቱም ለሚቀጥለው ብልጭታ ይዘጋጃል።

ይህ ሁሉ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በአሥር ሺዎች፣ በአንዳንድ ማሽኖችም በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ አንዷ ጉድጓድ ከቁጥር ባትገባም ብዛቷ መንገድ ይከፍታል።

እዚህ ላይ ተማሪው «ብልጭታው ሽቦውንስ አይበላውም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይበላዋል። ሽቦው በደቂቃ በርካታ ሜትር እየሮጠ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብልጭታው ሁልጊዜ አዲስ ሽቦ ያገኛል፤ ያለፈውም ተጠቅልሎ ወደ ማጠራቀሚያ ይገባል። በቻይና በብዛት በሚሠራው ሌላ ዓይነት ማሽን ግን፣ የሞሊብዲነም ሽቦ በፍጥነት ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ደግሞ ደጋግሞ ያገለግላል። በሁለቱም ዓይነት ኮምፒዩተሩ የክፍተቱን ቮልቴጅ ያለማቋረጥ ይለካል። ቮልቴጁ ከወረደ ሽቦው ከብረቱ ሊነካካ ቀርቧል ማለት ነውና ወደኋላ ይመልሰዋል፤ ከፍ ካለም ወደፊት ያስጠጋዋል።

ውሃው ለምን መጣራት አለበት?

ከባሕር ዳር ለምንኖር መምህራን ይህ ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ ይሰጠናል። ውሃ ብቻውን ኮረንቲን እምብዛም አያስተላልፍም፤ የሚያስተላልፈው በውስጡ የሟሟው ጨው ነው። በፕላቶ ዱ ሰርፓን ዙሪያ ያለው የባሕር ውሃ የማስተላለፍ ኃይሉ በሴንቲ ሜትር 50,000 ማይክሮ ሲመንስ ገደማ ነው። በማሽኑ ውስጥ ያለው ውሃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ማይክሮ ሲመንስ እንዳይበልጥ ይደረጋል። ልዩነቱ 2,500 እጥፍ ነው። ማሽኑ የባሕር ውሃ ቢሞላ ኮረንቲው ብልጭታ ሳይሠራ በውሃው ውስጥ እየሾለከ ያልቃል፤ ብረቱም ይዝጋል። ከባሕር ውሃ በአሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ የሆነው የአሳል ሐይቅ ውሃ ቢሆንማ ነገሩ ከዚህ የባሰ ይሆናል። የቧንቧ ውሃም ቢሆን ለመጠጥ ይስማማል እንጂ ለዚህ ሥራ ንጹሕ አይባልም። ስለዚህ ውሃው ደቃቅ እንክብሎችን በያዘ ሬዚን ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ሬዚኑም የጨውን አዮኖች አንድ በአንድ ይይዛል። በሥራ ጊዜ ከብረቱ የሚወጡ አዮኖች ውሃውን እንደገና ስለሚያበላሹት ማጣራቱ አይቋረጥም። በኬሚስትሪ ክፍል ስለ አዮኖች መለዋወጥ የምናስተምረው ትምህርት በማሽን ቤት ውስጥ ሥራ የሚያገኘው እንዲህ ነው።

ጠንካራ ብረቶችና ካርባይድ

እንግዲህ ከላይ ከተመለከትነው የሚከተለው ውጤት ግልጽ ነው። ብልጭታው የሚጠይቀው ብረቱ ምን ያህል ጠንካራ ነው ብሎ ሳይሆን ኮረንቲ ያስተላልፋል ወይ ብሎ ነው። ስለዚህ ፎርማ ሠሪው ብረቱን በመጀመሪያ በእሳት አጠንክሮ ከዚያ በኋላ ሊቆርጠው ይችላል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ምክንያቱም በቀድሞው አሠራር ለስላሳው ብረት ከተቆረጠ በኋላ ወደ እሳት ሲገባ ይጣመምና ልኩ ይበላሽ ነበር።

ከብረቶች ሁሉ አስቸጋሪ የነበረው ተንግስተን ካርባይድ ነው። ይህ ቁስ እጅግ የጠነከሩ የካርባይድ ቅንጣቶች በኮባልት ተጣብቀው የሚሠራ ሲሆን፣ የቶርኖና የፍሬዛ ቢላዋዎች ጫፍ የሚሠራው ከእርሱ ነው። ተማሪው በመግቢያችን ላይ ለጠየቀው ጥያቄ አንዱ መልስ እዚህ ይገኛል። ካርባይድና ኮባልት ሁለቱም ኮረንቲ ስለሚያስተላልፉ በሽቦ ይቆረጣሉ። ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ኮባልት በ1,495 ዲግሪ ሲቀልጥ ካርባይዱ ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል፤ በተጨማሪም በውሃው ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ ኮባልቱን አሟሙቶ ሊወስደው ይችላል። ማጣበቂያው ከተወሰደ ቅንጣቶቹ እንደ ጭቃ የሌለው የድንጋይ ካብ ይሆናሉ፤ ጫፉም ይሸራረፋል። በዘመናዊ ማሽኖች የኮረንቲው አቅጣጫ በየጊዜው እንዲገለባበጥ የሚደረገው ይህን ጉዳት ለመቀነስ ነው።

ጥምር ቁሶች

ጥምር ቁስ (ኮምፖዚት) ማለት ጠባያቸው የተለያየ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ነገሮች ሳይሟሟቁ አብረው የሚኖሩበት ቁስ ነው። ጭድ የተቀላቀለበት የቤት ጭቃ የቅርብ ምሳሌ ነው፤ ጭቃው ይይዛል፣ ጭዱ እንዳይሰነጠቅ ያደርጋል። በኢንዱስትሪም ሐሳቡ ያው ነው። በሽቦ መቁረጥ ረገድ ሦስት ምሳሌዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው በሲሊኮን ካርባይድ ቅንጣት የተጠናከረ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየሙ ኮረንቲን በደንብ ያስተላልፋል፤ በ660 ዲግሪም ይቀልጣል። ቅንጣቶቹ ግን ከአሉሚኒየሙ እጅግ ባነሰ መጠን ያስተላልፋሉ፤ በዚያ ሙቀትም አይቀልጡም። ስለዚህ ብልጭታው በዙሪያቸው ያለውን አሉሚኒየም ያቀልጣል፤ ቅንጣቱም መያዣ ሲያጣ ይወድቃል። ቅንጣቱ ክፍተቱ ውስጥ ከተሰነቀረ ብልጭታው ይዛባል፤ ሽቦውም ሊበጠስ ይችላል። በዚህ ምክንያት የቅንጣቱ ብዛት በጨመረ ቁጥር ሥራው እየዘገየ ይሄዳል።

ሁለተኛው በካርቦን ጭረት የተጠናከረ ፕላስቲክ ነው። ጭረቱ ያስተላልፋል፤ ፕላስቲኩ አያስተላልፍም። ብዙውን ጊዜ ገጹን የሸፈነው ፕላስቲክ ስለሆነ ብልጭታው መነሻ አያገኝም። ይህን ለማለፍ ከላይና ከታች ስስ ብረት ደርቦ ማሰር አንዱ መላ ነው። ሆኖም ሙቀቱ በጭረቶቹ ዙሪያ ያለውን ፕላስቲክ ሊያቃጥለው ስለሚችል፣ ይህን ቁስ በአልማዝ መቁረጫ ወይም በኃይል በሚተኮስ ውሃ መቁረጡ የበለጠ የተለመደ ነው። ማሽኑ ሁሉን ይችላል ብለን ማስተማር እንደሌለብን ይህ ያስገነዝበናል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚያስደንቀው ነው። አልማዝ ከምናውቃቸው ማዕድኖች ሁሉ የጠነከረ ሲሆን ኮረንቲ አያስተላልፍም። ነገር ግን ደቃቅ የአልማዝ ቅንጣቶች በኮባልት ተጋግረው የሚሠራው የመቁረጫ ቁስ በኮባልቱ አማካይነት ስለሚያስተላልፍ በሽቦ ይቆረጣል። በአንጻሩ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሸክላ የሚቀልጠው በ2,072 ዲግሪ ነው፤ ይህም 3,422 ዲግሪ ከሚፈልገው ተንግስተን እጅግ ያነሰ ነው። ሆኖም ተንግስተን ይቆረጣል፤ ይህ ሸክላ ግን ስለማያስተላልፍ በተለመደው መንገድ አይቆረጥም። በጠቅላላው የአንድ ቁስ ልዩ መቋቋም ከ1 ኦም ሜትር ገደማ ካልበለጠ በብልጭታ ሊቆረጥ ይችላል ይባላል።

ለክፍል የሚሆን ሒሳብ

ሽቦው 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ክፍተቱ በእያንዳንዱ ጎን 0.03 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የመቁረጫው ስፋት 0.25 + 0.03 + 0.03 = 0.31 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጎኑ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ብረት ማውጣት ብንፈልግ፣ የሽቦው መሐል የሚጓዘው ከብረቱ ጠርዝ 0.155 ሚሊ ሜትር ርቆ ነው። ስለዚህ የሽቦው መንገድ ጎኑ 20.31 የሆነ አራት ማዕዘን መሆን አለበት። የምንፈልገው ብረቱን ሳይሆን ቀዳዳውን ከሆነ መንገዱ 19.69 ይሆናል። ይህን ስሌት የረሳ ሠራተኛ ውድ ብረት ያበላሻል። ከዚህም ሌላ፣ ሽቦው ክብ ስለሆነ የቀዳዳው ውስጠኛ ማዕዘን ፍጹም ሹል ሊሆን አይችልም፤ ቢያንስ 0.155 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ያለው ክብነት ይኖረዋል።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ የሚለካው በተቆረጠው ገጽ ስፋት ነው። ብረቱ 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ መንገዱ 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት ቢኖረው፣ ገጹ 3,200 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ማሽኑ በደቂቃ 100 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢቆርጥ ሥራው 32 ደቂቃ ይፈጃል። ጊዜው ረጅም ቢመስልም፣ ከማሽኑ የሚወጣው ልክ የሚሳሳተው በመቶኛ፣ በጥሩ ማሽንም በሺህኛ ሚሊ ሜትር በሚቆጠር መጠን ብቻ ነው።

ሊታወቁ የሚገባቸው ጉድለቶች

ከቀለጠው ብረት ጥቂቱ ሳይረጭ ቀርቶ በገጹ ላይ ተመልሶ ይረጋል። ይህ ስስ ንብርብር ተሰባሪ ሲሆን በዐይን የማይታዩ ስንጥቆች ሊኖሩት ይችላሉ። ተደጋጋሚ ጫና ለሚሸከም ዕቃ አደገኛ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሻካራ ቆረጣ በኋላ ኮረንቲው ተቀንሶ በዚያው መንገድ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ ንብርብሩም ይነሣል፤ ገጹም ይለሰልሳል። ከዚህም በላይ ሽቦው ከላይ እስከ ታች ማለፍ ስላለበት፣ ከመሐል የሚጀመር ቆረጣ አስቀድሞ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ወለል ያለው ጉድጓድም በሽቦ አይሠራም። በመጨረሻም ኮባልት፣ ኒኬልና ክሮሚየም የሚገኙበት ዝቃጭ ለጤና ስለማይበጅ ወደ ቦይ ወይም ወደ ባሕር መደፋት የለበትም። ማሽኑ ሲሠራ ሽቦውን በእጅ መንካት ክልክል መሆኑን ለተማሪዎች ደጋግመን መንገር ይገባናል።

ማሽኑ በሌለበት ትምህርት ቤት

ማሽኑ ውድ ነው፤ በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶቻችንም አይገኝም። መሠረተ ሐሳቡን ግን በሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ በትንሽ የእጅ ባትሪ አምፖልና በጥቂት ሽቦ ማስተማር ይቻላል። ተማሪዎች የሻይ ማንኪያ፣ የቢላዋ ስለት፣ የእርሳስ ውስጡን ግራፋይት፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ የጀበና ስባሪና የፕላስቲክ ማበጠሪያ ያምጡ። ከመሞከራቸው በፊት እያንዳንዱን «በሽቦ ይቆረጣል» ወይም «አይቆረጥም» ብለው በደብተራቸው ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ አምፖሉ መብራቱን ይመልከቱ። ቀለም የተቀባ ወይም የዛገ ዕቃ ከሆነ ገጹ ይፋቅ። ለዚህ ሙከራ የግድግዳ ኮረንቲ ፈጽሞ መጠቀም አይገባም።

ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት በግራፋይቱና በጀበናው ስባሪ ላይ ነው። ግራፋይት ብረት ሳይሆን ያስተላልፋል፤ ጀበናው እሳት የለመደ ቢሆንም አያስተላልፍም። ውይይቱ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። ለውይይቱ የሚከተሉትን ሦስት ጥያቄዎች እናቀርባለን።

1. የቢላዋ ስለትና የሻይ ማንኪያ በጥንካሬ ይለያያሉ። በብልጭታ ሲቆረጡ ልዩነታቸው እምብዛም የማይታየው ለምንድን ነው?

2. ሞተር ውስጥ ተሰብሮ የቀረን ጠንካራ የጥርስ ማውጫ፣ ሞተሩን ሳይጎዱ በብልጭታ ለማውጣት የሚቻለው እንዴት ነው? ኤሌክትሮዱ ከተሰበረው ዕቃ ውፍረት ይበልጥ ወይስ ይነስ?

3. በከተማችን ካሉት ወርክሾፖችና ፋብሪካዎች ውስጥ ከውጭ የሚመጣ ፎርማ ወይም መለዋወጫ የሚጠብቅ የትኛው ነው? ያ ዕቃ ከምን ተሠርቷል? ኮረንቲስ ያስተላልፋል?

ሦስተኛውን ጥያቄ ተማሪዎች በክፍል ተቀምጠው ሊመልሱት አይችሉም። ወደ ወርክሾፑ ሄደው ባለሙያውን መጠየቅ ይኖርባቸዋል።